እሷ ዘመድ ጥየቃ፣ እኔ ውጭ አገር

ፎቶዎቹ የሉም። በሐምሌ 1998 መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ድሬዳዋን ሲጠራርግ፣ አማቴ ቤት የነበረውን አልበም ከነቁም ሳጥኑ ይዞት ወረደ። ከ250 በላይ ሰው ባለቀበት ሌሊት ስለ ፎቶ ማዘን ነውር ነውና አላዘንንም፤ አማቴ ጎረቤት ፎቅ ላይ ወጥተው መትረፋቸው ለእኛ ከበቂ በላይ ነበር። ግን ከወዳጅ ምን ይደበቃል፣ አልፎ አልፎ ያ አልበም ይናፍቀኛል። ውስጡ አንዲት ቀጭን ሴትና አንድ ኮፍያውን የማያወልቅ ጎረምሳ ነበሩ፤ ጅቡቲ ወደብ ላይ፣ ዘይላ ፍርስራሽ መሐል፣ ሐርጌሳ አደባባይ ላይ ከቆመው አውሮፕላን ሥር። አሁን የቀረኝ ሽታና ድምፅ ነው። እሱም ቢሆን ከባለቤቴ ጋር ስናነሣው አይገጥምልንም፤ እኔ የዓሣ ሽታ ነበር ስል እሷ ዕጣን ነው ትላለች፤ እኔ ሌሊት ነበር ስል እሷ ጎሕ ቀድዶ ነበር ትላለች።

ነገሩ የተጠነሰሰው ሐርላ ላይ ነው። ከድሬዳዋ ወደ ደንገጎ የሚወስደውን መንገድ ይዞ 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሄደ ሰው ሐርላን ያገኛታል፤ ማሽላና ጫት የተዘራባት፣ ድንጋይ የበዛባት መንደር ናት። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። ደሴ አጠገብ ተወልጄ፣ በአፈርና ውኃ ጥበቃ ሠልጥኜ፣ ዕጣዬ ወደ ድሬዳዋ ገጠር ወረወረኝ። ሥራዬ እርከን ማሠራት ነበር። እርከን ቁፋሮ ነው፤ ሐርላ ላይ ደግሞ በቆፈሩበት ሁሉ አንድ ነገር ይወጣል። የሸክላ ስባሪ፣ የብርጭቆ ስባሪ፣ ዛጎል፣ ዶቃ። ቀይ ዶቃ፣ ሰማያዊ ዶቃ፣ ቢጫ ዶቃ። ዝናብ ጥሎ ሲያባራ ሕፃናቱ አቀርቅረው መሬት መሬት እያዩ ይሄዳሉ፤ የታጠበ ዶቃ ይለቅሙና በክር ሰክተው አንገታቸው ላይ ያስሩታል። የጥንቱ ጥርብ ድንጋይ ደግሞ በየቤቱ ግድግዳና በየማሳው ካብ ውስጥ ገብቷል። ሰው የት የሌለ ድንጋይ ፍለጋ ይሄዳል? እዚያው ተጠርቦ ተቀምጦለታል።

ከእርከኑ በላይ ማሳ ያላቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጠዋት ጠዋት ሆጃ የሚያጠጡኝ። ከወተቱ ጋር የፈላው የቡናና የጨው ሽታ፣ ከጭሱ ጋር ተቀላቅሎ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። የድሮ የሐርላ ሰዎች ግዙፎች ነበሩ ይላሉ፤ ይህን ድንጋይ አንድ ሰው ለብቻው ተሸክሞ ነው ያቆመው፤ ኋላ ጥጋባቸው ልክ ሲያልፍ ፈጣሪ ረኀብ ልኮ አጠፋቸው። እኔ ግን ሐርላ የሚባሉ ሰዎች በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንደነበሩ አንብቤያለሁ፤ የኢማም አሕመድን ዘመቻ የጻፈው የ«ፉቱሕ አል ሐበሻ» ደራሲ ከሠራዊቱ መካከል ይቆጥራቸዋል። ይህን ለሽማግሌው ልነግራቸው ፈልጌ የት አባቴ በየትኛው ኦሮምኛዬ! ያን ጊዜ ኦሮምኛዬ ከሰላምታ አያልፍም።

አንድ ቀን ለፖሊዮ ክትባት ዘመቻ ከከተማ ነርሶች መጡ። አንደኛዋ የክትባቱን ሣጥን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ ከሽማግሌው ጋር በኦሮምኛ፣ ከሾፌሩ ጋር በሶማልኛ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ ታወራለች፤ አንዱ ቋንቋ ሌላውን አያደናቅፍባትም። ዕድሉ ይለፈኝ እንዴ ብዬ፣ ዶቃው ከየት እንደመጣ ጠይቂልኝ አልኳት። ሽማግሌው በአገጫቸው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ጠቆሙ።

«ከባሕር ነዋ። ከዘይላ።»

እሷ ይህን ተርጉማ አልጨረሰችም። «አያቴ ዘይላ ነው የተወለደችው» አለችኝ፤ ሣጥኑን መሬት አስቀምጣ። ከዚያ በኋላ የሆነው ሆነና በጥር 1997 ተጋባን። ጓደኞቼ «አስተርጓሚውን አገባ» እያሉ ይስቁብኛል፤ ምን እላለሁ።

አባቷ መንዝ ተወልደው በምድር ባቡር መካኒክነት ያረጁ ሰው ናቸው። እናቷ ከኦሮሞ አባትና ከኢሳ ሶማሌ እናት የተወለዱ። ድሬዳዋ ላይ እንዲህ ያለው ማንንም አያስገርምም። እኔን ግን ይገርመኝ ነበር፤ በእኛ አገር ሰው ዘመዱን የሚቆጥረው ከአንድ ወንዝ ማዶ ለማዶ ነው።

ጫጉላችሁን ሶደሬ አድርጉት፣ ላንጋኖ አድርጉት ያሉን ብዙ ነበሩ። እኛ ግን ክብ መንገድ አሰብን፤ በባቡር ጅቡቲ፣ ከዚያ ሎያዳን ተሻግረን ዘይላ፣ ሐርጌሳ፣ በርበራ፣ ተመልሰን በቶጎ ውጫሌ ጅግጅጋ፣ ሐረር፣ ሐርላ። እኔ ደብተር ገዛሁ፣ ካርታ ገዛሁ፣ ባትሪ ገዛሁ፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ ከጓደኛዬ ኮፍያ ተዋስኩ። ፓስፖርት ወጣ፣ ቪዛ ተመታ። ለእኔ በሕይወቴ የመጀመሪያው ውጭ አገር ነበርና ሌሊት ሌሊት ፓስፖርቴን ከትራስ ሥር አውጥቼ አየው ነበር። እሷ ጉዞውን የምትጠራው «ዘመድ ጥየቃ» እያለች ነው። አማቴ ደግሞ ሻንጣችንን በቡና፣ በሙሽበክና ለማን እንደሆነ በማላውቀው ስጦታ ሞሉት፤ የኔ ሸሚዞች በፌስታል ሆኑ። «ልጄ» አሉኝ በስተመጨረሻ፣ «እሷ የምትልህን ስማ፤ እዚያ እንግዳው አንተ ነህ።»

የድሬዳዋ ለገሃር በማለዳ የራሱ ጠረን ነበረው፤ ናፍጣ፣ ያረጀ ብረት፣ ከበሩ ማዶ የሚጠበስ ፈጢራ፣ ገና ያልሞቀ አሸዋ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ የደረሰው በ1895 ነው፤ ከተማዋም ከእሱ ጋር ነው የተወለደችው። ወደ አዲስ አበባ ለመድረስ እስከ 1909 ፈጅቶበታል። የባለቤቴ አባት ሊሸኙን መጥተው እኛን አልሳሙም መጀመሪያ፤ ሞተሩ ዘንድ ሄደው ዐይናቸውን ጨፍነው አዳመጡት። የሥራ ዘመናቸውን ሙሉ በሰሙት ድምፅ ላይ ተጠራጥረው መሆን አለበት። ከዚያ ራሳቸውን ነቅንቀው «ደኅና ነው፤ ያደርሳችኋል» አሉን፤ ያኔ ነው የሳሙን።

ፉርጎው የነጋዴ ሴቶች ነበር። ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ድንች በኩንታል ከወንበሩ ሥር፣ ከወንበሩ በላይ፣ ከእግራችን መሐል። ሙሽሮች መሆናችንን በምን እንዳወቁ እንጃ፣ ገና ሺኒሌ ሳንደርስ እልልታው ቀለጠ፤ መስኮቱን ለቀቁልን፤ ባጅያ በጋዜጣ ጠቅልለው ጭናችን ላይ አስቀመጡልን። አንዷ፣ ወርቅ ጥርስ ያላት፣ የመልስ ጉዞውን ታሪክ ነገረችን። ከጅቡቲ ሲመጡ ቀሚስ በቀሚስ ላይ ደርበው፣ ሽቶውን በየጉያቸው አድርገው ነው፤ ድሬ ከመድረሱ በፊት ባቡሩ ሲያዘግም ጥቅሉ በመስኮት ይወረወራል፣ ከታች የሚጠብቁ ልጆች አሉ፣ ፊናንስ ደርሶ ሲፈትሽ ወፍራም ሴት እንጂ ዕቃ አያገኝም። «ስሄድ ቀጭን ነኝ፣ ስመለስ እወፍራለሁ» ብላ ሳቀች። ድሬዳዋ ላይ አሸዋ ወይም ታይዋን ገበያ ቀሚስ የገዛ ሁሉ እንዲህ የመጣውን ነው የለበሰው።

አዲጋላን አልፈን አይሻ ስንደርስ «ዘመድ ጥየቃ» ያለችው ነገር ተገለጠልኝ። ጣቢያው ላይ አንድ ፂማቸውን በሂና ያቀሉ ሽማግሌ በጢስ በታጠነ ዕቃ የግመል ወተት ይዘው ቆመዋል። ማን ነገራቸው? በዚያ ዘመን በመንገዱ ላይ የሚናገር ስልክ አላየሁም። ባለቤቴ በመስኮት ተንጠልጥላ «አደር!» ብላ ጮኸች። አጎቴ ማለቷ ነው። እሳቸው ግን በዋዛ አይቀበሉም፤ ትውልድሽን ቁጠሪ አሏት። የአያቷን አባት፣ የአባቱን አባት እያለች ወደ ላይ ስትወጣ፣ ሽማግሌው በእያንዳንዱ ስም በትራቸውን መሬት ይመታሉ። አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ እንባቸው መጣ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው አንተስ አሉ። እኔ ከአባቴ ተነሥቼ እስከ ቅድመ አያቴ ሄድኩና ቆምኩ። ፉርጎው በሙሉ ሳቀብኝ። ወተቱ የጢስና የቆዳ ጣዕም ነበረው፤ ወዲያው አልወደድኩትም፣ ዛሬ ግን ቢያገኙልኝ ዋጋ አልጠይቅም።

ድንበሩ ላይ፣ ደወሌ፣ ፓስፖርቴን ደረቴ ላይ ይዤ በልቤ መልስ ስለማመድ፣ እሷ ከሰልፉ ወጥታ ከአንዲት ሻይ ሻጭ ጋር ተቃቅፋ ቆማለች። ማኅተሙ ተመታልኝ። ያንን ማኅተም ደብተሬ ላይ በእርሳስ ገልብጬው ነበር፤ እሱም ከአልበሙ ጋር ሄደ።

ባሕርን ከማየቴ በፊት ሸተተኝ። ከሖልሖል የብረት ድልድይ በኋላ መሽቶ ነበር፤ አየሩ እየከበደ፣ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ እየተጣበቀ መጣ፤ ከዚያ በጨለማው ውስጥ ጨው ጨው የሚል፣ የበሰበሰ ሣር የሚመስል ጠረን ገባ። ምንድን ነው አልኳት። «ባሕር» አለች፣ እንቅልፍ ይዟት። የወሎ ልጅ ባሕርን በአፍንጫው ተዋወቀ።

ያረፍነው በቁጥር ከሚጠሩት የጅቡቲ ሠፈሮች በአንዱ፣ የእናቷ የአክስት ልጅ ቤት ነው። ቆርቆሮ ቤት፣ ሰማያዊ በር፣ ቀኑን ሙሉ የዕጣን ጢስ። ጠዋት ረጅሙን የፈረንሳይ ዳቦ በፉል እናጠቅሳለን። ከተማው በማለዳ ይሠራና ወደ ሰባት ሰዓት ግድም ጆሮውን ያቆማል፤ ከኢትዮጵያ የሚመጣው ጫት የሚደርስበት ሰዓት ነው። ጥሩምባ ይነፋል፣ መኪና ይከንፋል፣ በየመንገዱ ዳር ጠረጴዛ የዘረጉት ሴቶች እርጥብ ጆንያውን ይገልጣሉ። ከዚያ በኋላ እስከ ማታ ድረስ በከተማው ውስጥ የሚንቀሳቀሱት አቁማዳ የተሸከሙ የፈረንሳይ ወታደሮችና እኔ ብቻ ነበርን። ሁሉም በርጫ ላይ ነው። ከየመስኮቱ የጥላሁን ድምፅ ይሰማል፤ ውጭ አገር ነኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ስሄድ የጥላሁን ዘፈን ከፊት ይቀድመኛል።

ወደቡ ጋ የኢትዮጵያ ታርጋ የለጠፈ የጭነት መኪና ሰልፍ ማለቂያ አልነበረውም። ከኤርትራ ጋር ከተዋጋንበት ከ1990 ወዲህ ዐሰብ ተዘግቶ፣ የአገሩ ጭነት ከሞላ ጎደል በዚያ አንድ ጉሮሮ ነበር የሚገባው። ከመኪናው ሥር በሰሌን ላይ የተኛ አንድ ሾፌር በአነጋገሩ ያዝኩት፤ የሐይቅ ልጅ ነው። ተቃቀፍን። በዚያ ጉዞ ሁሉ እኔ ያገኘሁት ዘመድ እሱ ብቻ ነበርና ለባለቤቴ በኩራት አስተዋወቅሁት። እሷም አላሳፈረችኝም፤ ከምታውቃት አንዲት የየመኖች ቤት ዓሣ ጋበዘችው። ዓሣው ለሁለት ተተርትሮ፣ ቅመም ተቀብቶ፣ የጋለ ምድጃ ውስጥ ተለጥፎ ይጠበሳል፤ ከሰፊ ቂጣ ጋር በጋዜጣ ላይ በእጅ ይበላል። ሁለታችን የወሎ ሰዎች እሾሁን ፈርተን በጣታችን ጫፍ ስንነካካ ባለቤቴ ተስፋ ቆርጣ ለየብቻ ፈለቀቀችልን። የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ።

ከወደቡ ጥግ ወደ የመን፣ ወደ ሞካ የሚሻገሩ የእንጨት ሳንቡኮች ተኮልኩለው ነበር። አንድ ካፒቴን ዋጋ ነገረን። ተያየን። ገንዘቡ ይበቃ ነበር፤ የዓመት ፈቃዴ ነው ያላደረሰን። ሌላ ጊዜ ተባባልን። በ2007 የመን ላይ ጦርነቱ ሲፋፋም፣ በዚያው ባሕር በተገላቢጦሽ የመኖች ወደ ጅቡቲ፣ ወደ ኦቦክ ሲሸሹ በቴሌቪዥን አየን። ባለቤቴ ሪሞቱን ይዛ «ያ ካፒቴን ይኖር ይሆን?» አለች። እኔም እሱን እያሰብኩ ነበር።

ከሎያዳ ወዲያ ያን ጊዜ አስፋልት ጨርሶ አልነበረም። ላንድ ክሩዘሮቹ የሚነሡት ሲመሽ ነው፤ ቀን ያ ሜዳ ሰውንም ጎማንም ያቀልጣል። ከፊት መቀመጥ ውድ ነው፤ እኛ ከኋላ ነን፤ ጉልበቴ የማን ጉልበት ጋር እንደተቆላለፈ አላውቅም። ሾፌሩ ጉንጩን ወጥሮ፣ መብራቱን አንዳንዴ አጥፍቶ በጨረቃ ይነዳል። ለምን እንደሚያጠፋው እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ባለቤቴ ጠይቃው ነበር፣ የሰጣት መልስ ሲያስቃት ጊዜ ለኔ መተርጎም አቃታት። ሕፃን ያለቅሳል፣ ፍየል ትጮኻለች፣ አሸዋው በመስኮቱ ይገባል። ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጥላ ስትተኛ ጠጉሯ ውስጥ የጅቡቲው ቤት ዕጣን ነበር። ለካ በዕጣኑ ነገር እሷ ትክክል ናት።

ዘይላ ሲነጋ ወረድን። ምን ልበላችሁ፣ ምንም የለም። ጠፍጣፋ ምድር፣ ጨው፣ ቁራዎች፣ ከባሕር ድንጋይ የተሠሩ ፎቅ ቤቶች ቅሪት፣ ሁለት ሚሕራብ ያለው የጥንት መስጊድ ፍርስራሽ፣ ጥቂት ቆርቆሮ ቤት። ኢብን ባቱታ በ1331 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር መጥቶ ዘይላን ትልቅ ገበያ ያላት ከተማ ይላታል፤ ግን በዓሣውና በየመንገዱ በሚታረደው ግመል ደም ሽታ ተማርሮ፣ ከተማዋ ውስጥ አላድርም ብሎ መርከቡ ላይ አደረ። ይህን ለባለቤቴ ስነግራት ተቆጣች፤ ስለ አያቷ አገር ማንም እንዲህ እንዲናገር አትፈቅድም፤ ኢብን ባቱታም ቢሆን።

ሽታው አልነበረም። ሰውም አልነበረም፤ የ1980ዎቹ መጀመሪያ ጦርነት የጨረሰውን ጨርሶ የቀረው ተበትኗል። አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት፣ የዐይናቸው ቆብ በኩል የተከበበ፣ የባለቤቴን እጅ ይዘው በፍርስራሹ መሐል ወሰዷት። እኔ ከኋላ ነኝ። አንድ ግድግዳ ጋ ቆሙ፤ የአያትሽ ቤት ይህ ነው አሉ፤ ትንሽ አስበው ደግሞ ከጎኑ ያለውን፣ ወይ ያኛው ነው አሉ። ባለቤቴ በሁለቱም ግድግዳ ላይ መዳፏን አሳረፈች። ከዚያ አያቷ እሹሩሩ ስትላት ታንጎራጉር የነበረውን በቀስታ አወጣችው፤ ሴትየዋ ከመሐል ተቀበሏት። አብረው ጨረሱት። ከትልቅ ሴት ጋር የተጋባሁ መስሎኝ ነበር፤ ያን ጠዋት አንዲት ሕፃን ልጅ ነበረች። ምን ማድረግ እንዳለብኝ ስላላወቅሁ ወደ ባሕሩ ዳር ሄጄ እንደ ሐርላ ልጆች መሬት መሬት ማየት ጀመርኩ። የሸክላ ስባሪ ነበር፤ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ ጠርዙ የተሸራረፈ። አንሥቼ አየሁት፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ዶቃ አላገኘሁም።

ሐርጌሳ ሌላ ዓለም ነው፤ ጫጫታ፣ ግንባታ፣ አቧራ። ገንዘቡን ልንገራችሁ። ትልቁ ኖት 500 ሽልንግ ነበርና ትንሽ ዶላር ስንመነዝር የተቀበልነው በፌስታል ነው፤ ከሸሚዞቼ ጋር ቀላቀልኩት። መንዛሪዎቹ ብሩን በመንገድ ላይ እንደ ጡብ ካብ ደርድረው፣ ለሶላት ሲነሡ ጨርቅ ጣል አድርገውበት ይሄዳሉ። ማንም አይነካውም። አደባባዩ ላይ አንድ ሚግ ተሰቅሏል። በ1980 የዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች ከዚያው ከከተማው ማረፊያ እየተነሡ ከተማውን ደበደቡት፤ በ1983 ለብቻዬ ነኝ ያለችው ሶማሌላንድ ያን ሚግ መታሰቢያ አደረገችው። እኛም እሱ ሥር ፎቶ ተነሣን፤ እየሳቅን። ልጅነት ነው፤ ዛሬ ቢሆን አልስቅም።

ከአደባባዩ ጀርባ ሻይ የምታፈላ ሴት ነበረች። የእኔን አማርኛ ሰምታ ብርጭቆውን ያዝ አድርጋ ቀረች። «ከየት ናችሁ?» አለች፤ በጅግጅጋ አማርኛ፣ ግን ንጹሕ። ያደገችው ሐርታ ሼክ ነው። ከድብደባው የሸሸው ሕዝብ ጅግጅጋ አካባቢ የሠፈረበት፣ በዘመኑ ከዓለም ትላልቅ የስደተኛ ጣቢያዎች አንዱ የነበረ፣ እኛ ከመሄዳችን ጥቂት ወራት በፊት በ1996 የተዘጋ። እናቷ ቦምቡን ሸሽታ አዝላት ስትገባ ጡት አልጣለችም። አማርኛውን የተማረችው ከወታደሮችና ከነጋዴዎች ነው። ሻዩ በወተት፣ ዝንጅብልና ሄል የበዛበት ነው። ሒሳብ ስንል እጄን ገፋችው። «የእናንተን ውኃ ጠጥቼ ነው ያደግሁት» አለች። ባለቤቴ ከሻንጣው አማቴ የሰደዱትን የመጨረሻ ቡና አውጥታ ሰጠቻት፤ ያ ቡና ለማን ተልኮ እንደነበር አላውቅም፤ ያልደረሰው ዘመድ ይቅር ይበለን። ከዚያ ቀን በኋላ ጠዋትም ማታም እሷ ዘንድ ነበርን፤ ሐርጌሳን ያየሁት በአብዛኛው ከዚያች ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ ነው።

በርበራ ለእኔ ዝምታ ነበረች። ከ1993 ጀምሮ ሳዑዲ ዐረቢያ በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ምክንያት ከቀንዱ አገር የቁም ከብት አልቀበልም ብላ፣ በግና ፍየል ይጫንበት የነበረው ወደብ ያን ጊዜ ጭር ብሎ ነበር። ባዶ በረት፣ ያረጀ የእበት ሽታ፣ ጥላ ሥር የተቀመጡ ጫኚዎች። ሶቪየቶች የሠሩትን ረጅም አውሮፕላን ማረፊያ አሜሪካኖች ለጠፈር መንኮራኩራቸው የችግር ጊዜ ማረፊያ ብለው ተከራይተውት እንደነበር አንድ ጡረተኛ ነገረን፤ አላመንኩትም ነበር፣ ለካ እውነት ነው። ባሕር ገብተን ዋኘን፤ ማለቴ እሷ ዋኘች፣ እኔ እስከ ጉልበቴ ቆሜ ጫማዋን ያዝኩ።

መልሱ ፈጣን ነበር። ቶጎ ውጫሌ ጭቃና ጆንያ፤ ጅግጅጋ ነፋስ፤ ካራማራ ላይ ጭጋግ፤ ባቢሌ ላይ ለውዝ በኮፍያ ሙሉ ገዝተን እስከ ሐረር በላነው። ሐረር ውስጥ አንድ ቀን ብቻ፤ የሚቆላ ቡና ሽታ እየተከተልን በጠባብ መንገዶቹ ስንዞር ገንዘባችን ማለቁን አወቅን። በደንገጎ ቁልቁለት የጭነት አይሱዙ ላይ ተሳፈርን፤ ቅዝቃዜው እየቀለለ፣ የቆላው ሙቀት ፊታችንን እየነካ ሲመጣ እሷ «አቦ፣ ቤቴ!» አለች። ሐርላ ላይ ወርደን ሽማግሌውን ጠየቅናቸው። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዘይላ ዝናብ አለ ወይ? የለም አልኩ፤ በእሷ በኩል። እሳቸውም ያዘኑ መሰለኝ፤ ዘይላን አይተዋት አያውቁም ነበር።

ከዓመታት በኋላ፣ በ2007፣ የአርኪዮሎጂ ሊቁ ቲሞቲ ኢንሶል ከቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር ሆኖ ሐርላን መቆፈር ጀመረ። በሰኔ 2009 ዜናው ዓለምን ዞረ፤ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ የጌጣጌጥ መሥሪያ፣ ከቻይና፣ ከየመን፣ ከማልዲቭስ የመጣ ዕቃ፣ የ13ኛው ክፍለ ዘመን የግብፅ ሳንቲም። ያን ጊዜ እኛ ከዚያች ቁም ሳጥን ሌላ ብዙ አጥተን፣ ሁለት ልጅ አግኝተን፣ ሽበት ጀምሮን ነበር። ሽማግሌው ዐርፈዋል። አሮጌው የጅቡቲ ባቡርም ቆሟል፤ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ስለሆነ ፈጢራ አይሸትም። የባለቤቴ አባት አንድ ቀን ወስጄ ባሳያቸው «ይህማ አይናገርም» ብለው ተመለሱ።

ሐርላ ላይ የመንደሩ ሰው የሚያስተዳድረው ትንሽ የቅርስ ቤት ተከፍቷል ሲባል ልጆቹን ይዘን ወጣን። የሽማግሌው ማሳ አሁንም ማሽላ ነው። እኔ ያሠራሁት እርከን ግማሹ ተንዷል፣ ግማሹ አለ። የቅርስ ቤቱ ጠባቂ፣ ጎልማሳ ገበሬ፣ ዶቃዎቹን በተራ አሳየን፤ ልጄ ጠጋ ብላ የራሷን ፊት በመስታወቱ ላይ እያየች ነበር መሰለኝ። ባለቤቴ ግን የመጣችበት ጉዳይ ሌላ ነው። መቃብሮቹ ተቆፍረዋል አይደል፣ ታዲያ ግዙፎች ነበሩ ወይ ብላ በኦሮምኛ ጠየቀች። ሰውየው ሳቀ። አጥንቱ ተለክቷል፤ እንደ እኔና እንዳንቺ ናቸው አላት።

«ታዲያ ያን ሁሉ ድንጋይ ማን ተሸከመው?»

«ተጋግዘው ነዋ።»

አልተዋጠላትም። አያቷም፣ ሽማግሌውም፣ የአይሻው አጎቷም ግዙፎች ነበሩ ብለዋታል፤ ሦስት ሰው በሦስት አገር እንዴት አንድ ውሸት ይዋሻል? ምናልባት የተቆፈረው የአጫጭሮቹ መቃብር ይሆናላ! እስከ ዋናው መንገድ ድረስ በዚህ ስትከራከረኝ ወረድን፤ ባጃጅ ውስጥም አልጨረሰችም፤ ሾፌሩን በሶማልኛ አስገብታው ወዲያው ከእሷ ጎን ቆመ።